ድምፄን ላቆያችሁልኝ ሁሉ

ይድረስ ለተማሪዎቼ፣ ለሥራ ባልደረቦቼና ለወላጆች፤

እነሆ ድምፄ ተመልሷል። እንደ ድሮው ባይሆንም የኋላው ወንበር ድረስ ይሰማል። የድምፅ አውታሬ ላይ የወጣው እብጠት በቀዶ ሕክምና ተወግዶልኝ ዳግም ጠመኔ ለመያዝ በቅቻለሁና አስቀድሜ ፈጣሪዬን፣ ቀጥሎም ሐኪሞቼን አመሰግናለሁ። ማንሾካሾክ እንኳ ከልክለውኝ ነበር፤ ሹክሹክታም የታመመ አውታር ያደክማልና። እንደ እኔ ላለ ለፍላፊ ከቀዶ ሕክምናው የከበደው ይኸው ነበር።

ተማሪዎቼ፣ ከሁሉ በላይ የማመሰግናችሁ ንባቡን ስላላቋረጣችሁት ነው። ሕመሙ ሲጠናብኝ የሜሪ ሼሊን «ፍራንከንስታይን» አጋምሰን ነበር። በ1818 እ.ኤ.አ. በታተመው በዚህ መጽሐፍ ሳይንቲስቱ ፍራንከንስታይን የሠራው ፍጡር አንደበተ ርቱዕ ነው። በግድግዳ ስንጥቅ እያጮለቀ የአንድ ቤተሰብን ንግግር በማድመጥ ቋንቋ ይማራል፤ እሳት፣ ወተት፣ ዳቦ፣ እንጨት ከመጀመሪያ ቃላቱ መካከል ናቸው። ከእርሱ የተሻለ የቋንቋ ተማሪ በልብ ወለድ ውስጥ አላውቅም። በ1931 እ.ኤ.አ. በወጣው ፊልም ግን ከማጉረምረም በቀር ቃል አይወጣውም። በየዓመቱ ይህን ልዩነት ለማስረዳት ጉሮሮዬ እስኪደርቅ እለፈልፍ ነበር። ዘንድሮ ፊልሙን ከፍቼላችሁ ቁጭ አልሁ።

እናንተም ፍጡሩ ሐይቁ ዳር ከሕፃኗ ጋር አበባ የሚወረውርበትን ትዕይንት መርጣችሁ፣ ሊናገረው ይችል የነበረውን በእንግሊዝኛ ጻፋችሁለት። ድምፁን ዘግታችሁ በምስሉ ላይ አነበባችሁት። በክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ የፍጡሩን ድርሻ ስትወስድ ሁላችሁም ጸጥ አላችሁ። የሰዋስው ስሕተት ነበረበት፤ ላርመው አልቻልሁም፤ እሰይ!

የሙዚቃ መምህሩ ባልደረባዬ ጊታርህን ይዘህ በትርፍ ሰዓትህ ስለመጣህልኝ አመሰግንሃለሁ። ብዙዎቹ የአሜሪካዊቷ ገጣሚ የኤሚሊ ዲኪንሰን ግጥሞች ስምንትና ስድስት ቀለም እየተፈራረቁ በመዝሙር ምጣኔ የተጻፉ ስለሆኑ «አሜዚንግ ግሬስ» የተሰኘው የእንግሊዝኛ መንፈሳዊ መዝሙር በሚዘመርበት ዜማ ልክ ይገባሉ። እኔ ይህን በሰሌዳ ላይ በጭረት ሳስረዳ ተማሪው ያዛጋል። አንተ ግን በአንድ ክፍለ ጊዜ አዘመርሃቸው። ግድግዳ ለግድግዳ የምንጎራበተው የሒሳብ መምህር ስለ ትዕግሥትዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ የውሰት ጊዜውን እያራዘሙልን፣ ወላጆችም ልጆቻችሁ ለልምምድ ሲያመሹ በመታገሥ ረድታችሁናል። ክፍለ ጊዜዬን ተከፋፍላችሁ ያስተማራችሁ ባልደረቦቼ፣ ብድራችሁን በፈተና እርማት እመልሳለሁ።

የንባብ ክበባችን ይቀጥላል። ብዙ እንዳልናገር ስለታዘዝሁ ጮክ ብሎ ማንበቡ የእናንተ ድርሻ ሆኖ ይቆያል። ቀጣዩን መጽሐፍ እናንተ ምረጡ፤ ፊልም ያለው ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ወፍራም ቢሆንም አልጠላም።

አክባሪያችሁ
የእንግሊዝኛ መምህራችሁ