ማሽን ከመገዛቱ በፊት፦ ስለ ጀማሪ የዲኤንኤ ባለሙያዎች የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለኦሮሚያ ፖሊስ ኮሚሽን
ግልባጭ፦ ለአዳማ ከተማ ፖሊስ

ጉዳዩ፦ ለወንጀል ምርመራ ላቦራቶሪ ጀማሪ ባለሙያዎች የሥልጠና ጊዜና ግብዓት በበጀት እንዲያዝ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

የዲኤንኤ ላቦራቶሪ በክልል ደረጃ ይቋቋም የሚል ሐሳብ በተነሣ ቁጥር ውይይቱ ቶሎ ወደ ማሽን ዋጋ ይሄዳል። ዋጋው ከባድ መሆኑ እውነት ነው። እኛ የምንጠይቀው ግን ሌላ ነው፦ በአዳማም ሆነ በሌላ የክልሉ ከተማ እንዲህ ያለ ላቦራቶሪ ሲታቀድ፣ አዲስ የሚቀጠረው ባለሙያ የሚሠለጥንበት ጊዜና የሚለማመድበት ኪት (የተዘጋጀ የመመርመሪያ ኬሚካል ጥቅል) በመጀመሪያው ዓመት በጀት ለብቻው ይያዝ። የብቃት ፈተና ሳያልፍ መዝገብ አይሰጠው።

ለመቀጠር የሚመጡት ወጣቶች ባዶ እጃቸውን አይመጡም። ከአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በአፕላይድ ባዮሎጂ የተመረቀ ፒፔት (ጥቂት ፈሳሽ መለኪያ መሣሪያ) ያውቃል፤ በኮሮና ጊዜ ፒሲአር (ጥቂት ዲኤንኤን የሚያባዛ ዘዴ) ላይ ሲሠሩ ያመሹም አሉ። የኮሮናው ምርመራ ግን የሚጠይቀው ቫይረሱ አለ ወይስ የለም ብሎ ነበር። እዚህ ጥያቄው ብዙ ነው፦ ናሙናው የስንት ሰው ነው? ከተጠርጣሪው ጋር ይገጥማል? ከማይዛመድ ሰው ጋር በአጋጣሚ የመግጠም ዕድሉስ ምን ያህል ነው?

የመጀመሪያው ዓመት ሥራ ደግሞ በአብዛኛው ጠረጴዛ ላይ ነው። ኤግዚቢት (በማስረጃነት የተያዘ ዕቃ) ሲገባ የእሽጉ ቁጥር፣ ፊርማውና ቀኑ ከመሸኛው ደብዳቤ ጋር ይመሳከራል። ጠረጴዛው በዕለቱ በተበረዘ በረኪና (1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውኃ) ይወለወላል፣ ንጹሕ ወረቀት ይነጠፋል፣ አንድ ኤግዚቢት ብቻ ይከፈታል። የተበዳይና የተጠርጣሪ ልብስ አንድ ጠረጴዛ ላይ አይገናኙም፤ የሚሻለው በተለያየ ክፍልና በተለያየ ቀን መክፈት ነው። ቡናማ ነጠብጣብ ከተገኘ በማጣሪያ ወረቀት በቀስታ ይታሽና በወረቀቱ ላይ በየተራ አልኮል፣ የፌኖልፍታሊን ሪኤጀንት፣ በመጨረሻም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጠብ ይደረግበታል። ፐርኦክሳይዱ እንደነካው በሰከንዶች ውስጥ ሮዝ ከሆነ ደም ሊሆን ይችላል። ከፐርኦክሳይዱ በፊት ከቀላ ምርመራው አይታመንም። ቆይቶ የሚመጣ ሮዝም አይቆጠርም፤ ሪኤጀንቱ በአየር ብቻ መቅላቱ አይቀርምና። ጀማሪው «የሰው ደም» ብሎ እንዳይጽፍም መልመድ አለበት፤ የበግ ደምም ሮዝ ያደርገዋል። ይህ አንድ ከሰዓት በኋላ ታይቶ የሚያዝ ሥራ አይደለም።

የተበላሸ ናሙና ከመጣ ግን የቱንም ያህል ጎበዝ ባለሙያ አያድነውም። በአዳማ ሙቀት እርጥብ ልብስ በፌስታል ታስሮ ሁለት ቀን ካደረ ሻጋታና ባክቴሪያ ዲኤንኤውን ይበሉታል። መርማሪው ካኪ ፖስታ ካልያዘ የሚያገኘው ፌስታል ነው። ስለዚህ ላቦራቶሪው ገና ሳይከፈት ለየጣቢያው የወረቀት ከረጢትና ካኪ ፖስታ ይታደል። ልብሱ ፀሐይ በማይነካው ቦታ ደርቆ በወረቀት ይታሸግ። ከሆስፒታል የሚላክ ስዋብም (ናሙና የሚወሰድበት ጥጥ) ሳይደርቅ አይከደን። ፖስታውን በምላስ አርጥቦ መለጠፍም ይቅር (ሳቁ እንጂ፣ ምራቅ ከሚገኝባቸው የተለመዱ ቦታዎች አንዱ የፖስታ ማጣበቂያ ነው)።

ቀጥሎ ያለው የመጠን ጉዳይ ነው። አንድ የሰው ሴል ወደ 6.6 ፒኮግራም ዲኤንኤ ይይዛል፤ 1 ናኖግራም ማለት የ150 ሴሎች ያህል ነው። የተለመዱት ኪቶች በደንብ የሚሠሩት ከ0.5 እስከ 1 ናኖግራም ሲገባላቸው ነው። ከዚያ በጣም ካነሰ አንዱ አሌል (በአንድ የዲኤንኤ ቦታ ላይ ከእናት ወይም ከአባት የተወረሰ፣ በድግግሞሹ ቁጥር የሚጻፍ ቅጂ) ይጠፋል፤ ሁለት ቁጥር ያለው ሰው አንድ ቁጥር ብቻ ያለው ይመስላል። ማሽኑ አሌሎቹን በቀለም ለይቶ በግራፍ ላይ እንደ ጫፍ ያሳያቸዋል፤ ናሙናው ከበዛ ደግሞ የአንዱ ቀለም ጥላ ሌላው ቀለም ላይ ይወጣና ሐሰተኛ ጫፍ ይፈጥራል። ጀማሪ በብዛት የሚሰናከለው የጂንስ ቀለም፣ አፈር ወይም የደም ሄም (ደምን ቀይ የሚያደርገው ንጥረ ነገር) ፒሲአሩን ሲያፍነው ነው። ውጤት ሲያጣ ናሙናውን ይጨምራል፤ ከናሙናው ጋር አፋኙም ይጨምራል፣ ውጤቱም ይብሳል። መፍትሔው መበረዝ ወይም እንደገና ማጣራት ነው። ይህን በመዝገብ ናሙና ላይ ሳይሆን ሆን ተብሎ በተበላሸ የልምምድ ናሙና ላይ ይማረው፤ የልምምድ ኪት በበጀት ይያዝ የምንለውም ለዚህ ነው።

ንባቡ ከሁሉ ይከብዳል። ከእውነተኛው ጫፍ በአንድ ድግግሞሽ ባነሰ ቦታ ላይ የሚታይ፣ ቁመቱ ብዙውን ጊዜ የእውነተኛውን ጫፍ ከ5 እስከ 15 በመቶ የሚሆን ትንሽ ጫፍ አለ፤ ባለሙያዎች ስተተር ይሉታል። የአንድ ሰው ናሙና ከሆነ ችግር የለውም። የሁለት ሰው ድብልቅ ውስጥ ግን ያ ትንሽ ጫፍ ስተተር ይሁን የሁለተኛው ሰው አሌል መለየት ያስቸግራል፤ የሰው ነፃነት የሚንጠለጠለውም እዚያ ላይ ነው። ሁለተኛ አንባቢ የመጀመሪያውን መደምደሚያ ሳያይ ለብቻው ያንብብ። ሁለቱም አንባቢዎች የተጠርጣሪውን ፕሮፋይል (የአሌሎቹን ዝርዝር) የሚያዩት የኤግዚቢቱን ንባብ ጽፈው ከጨረሱ በኋላ ይሁን።

ስለ ግዢም አንድ ነገር እንጨምር። በጀርመን ሃይልብሮን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2007 አንዲት ፖሊስ ተገደለች። ከቦታው የተገኘው የሴት ዲኤንኤ በ40 ያህል ሌሎች የወንጀል ሥፍራዎችም ይታይ ስለነበር ፖሊስ አንዲትን ሴት ለዓመታት አሳደደ። በ2009 እንደታወቀው ዲኤንኤው የስዋብ ጥጥ ስታሽግ የነበረች የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ጥጡ ስቴራይል (ከሕያው ጀርም የጸዳ) ነበር፤ ስቴራይል ማለት ግን ከዲኤንኤ የጸዳ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው አይኤስኦ 18385 የተባለ ዓለም አቀፍ ደረጃ ይህን ለመከላከል ነው። የጨረታ ሰነዱ ይህን ደረጃ በቁጥሩ ይጥቀስ። የላቦራቶሪው ሠራተኞች፣ የጽዳት ሠራተኞችንና ቦታ የሚደርሱ ፖሊሶችን ጨምሮ፣ በፈቃዳቸው የሰጡት ፕሮፋይልም ለማመሳከሪያ ይቀመጥ።

ሥልጠናው በእኛ ግምት ከ6 ወር ማነስ የለበትም፦ መጀመሪያ መልሱ የሚታወቅ ናሙና፣ ቀጥሎ የተቀናበረ መዝገብ፣ ከዚያ የጽሑፍና የተግባር ፈተና፣ በመጨረሻም በተመሰለ ችሎት ፊት የመስቀለኛ ጥያቄ። ሥራ ከጀመረ በኋላም በአሜሪካ ኤፍቢአይ እንደሚያዘው በዓመት ሁለት ጊዜ ከውጭ የሚመጣ የብቃት ፈተና ይውሰድ። የዝምድና ስሌትም አይቅር። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ በወደቀው አውሮፕላን 157 ሰዎች ሲያልቁ፣ አስከሬን የተለየው ከቤተሰብ በተወሰደ ዲኤንኤ ጭምር ነበር።

መብራትንም አትርሱ። ፒሲአር መሐል ላይ ከተቋረጠ ያ ምርት ይጣላል። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ የሚይዝ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ መሣሪያ) ለፒሲአሩ፣ ለማንበቢያው ማሽንና ለፍሪዘሩ ያስፈልጋል። ሲቻል የስዋቡ ግማሽ ሳይነካ ይቀመጥ፤ ካለቀ ተከላካይ ጠበቃው ድጋሚ ይመርመርልኝ ቢል የሚሰጠው የለም።

የሥልጠናውን ዝርዝር መርሐ ግብርና ለጨረታ የሚሆን የግብዓት መግለጫ ረቂቅ በጽሑፍ ለማቅረብ ዝግጁ ነን። ኮሚሽኑ አመቺ ቀን እንዲያሳውቀን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር
በአዳማ የምንገኝ የሞለኪውላር ባዮሎጂና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች