የእኛ ልጆች በመስከረም ፊደል አልጨረሱም፤ እናንተስ?

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣

የአንደኛ ክፍል ልጆች በየወሩ ምን እንደሚማሩ በሠንጠረዥ የሚያትተውን ዘገባችሁን አንብቤዋለሁ። እንደውም አንብቤዋለሁ ከምል ተነቦብኛል ብል ይቀላል። አንድ የወረዳ ኃላፊ ሠንጠረዡን አሳትመው ስብሰባ ላይ ይዘው መጡና ከፍ አድርገው እያሳዩን «ይኸው፣ ሌላው በመስከረም ፊደል ጨርሷል፤ እዚህ ኅዳር እያለቀ ‹ተ› ላይ የቆመ መምህር አለ» አሉ። ስም አልጠሩም። ‹ተ› ላይ የቆምኩት ግን እኔ ነኝ፤ በአዳራሹ የነበረ ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ አንገቴን ደፋሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች ቁጣ ቢጤ ካገኛችሁ ምንጩ እሱ ነው።

ዘገባው ሌላም ሌላም ብሏል፤ እኔን ያንገበገበኝ የሠንጠረዡ የመጀመሪያ ረድፍ ነው። «መስከረም፦ የፊደል ገበታን ማጠናቀቅ» ይላል። ማጠናቀቅ! መጀመር አላላችሁም፣ ማስተዋወቅ አላላችሁም።

እስቲ አብረን እናስላ። ሒሳቡ ከአራተኛ ክፍል አያልፍም። የፊደል ገበታ 33 ረድፍ አለው፤ በሰባት ሲባዛ 231 ይሆናል። እነ ቋን፣ ጓን፣ ኳን ለእናንተ ስል ትቻቸዋለሁ። እኛ ዘንድ ደወል የተደወለው ሰኞ መስከረም 13 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ምዝገባ ነው፤ ምዝገባ ማለት ደግሞ እኛ መምህራን በየጎጡ እየዞርን «ልጅዎን ይላኩልን» የምንልበት ጊዜ ነው። ከ13 እስከ 30 ካሉት ቀናት ቅዳሜና እሑዶቹ፣ መስቀልም ሲወጡ 13 የትምህርት ቀን ይቀራል። 231 ለ13 ሲካፈል በቀን ወደ 18 ፊደል ይመጣል። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው፤ ለአንድ ፊደል የሚደርሰው ሁለት ደቂቃ ከጥቂት ሴኮንድ ነው። በዚህች ሁለት ደቂቃ ውስጥ 74 ልጆች ፊደሏን አይተው፣ ሰምተው፣ ጽፈው፣ እኔም 74 ደብተር አይቼ፣ «ጋሼ፣ ቀማኝ» የሚለውንም ዳኝቼ ወደሚቀጥለው እሻገራለሁ ማለት ነው። እንዲህ ያለ መምህር ካገኛችሁ ፎቶውን በፊት ገጽ አውጡት፤ ይገባዋል።

ደግሞስ የመጀመሪያው ሳምንት በፊደል ያልፋል ያለው ማነው? እርሳስ አያያዝ የሚባል ነገር አለ። ቤቱ እርሳስ ያልገባ ልጅ እርሳስን እንደ ዱላ በጭብጡ ጨብጦ ነው የሚጽፈው፤ ወረቀቱ ይበሳል፣ ጫፉ ይሰበራል፣ ልጁ ያለቅሳል። መቅረጫ የያዘው እኔ ብቻ ነኝ። ጣት በጣት እየፈታሁ፣ አውራ ጣቱን እዚህ፣ ሌባ ጣቱን እዚያ እያልኩ ስይዝ ስለቅ ሳምንቱ አለቀ። ይህ በሠንጠረዣችሁ ውስጥ የለም። በወረዳው ሪፖርት ቅጽም የለም፤ እናንተን ብቻ አልወቅስም።

ያነጋገራችኋቸው መምህራን ዋሹ አልልም። ሦስቱም የአዲስ አበባ መምህራን ናቸው፤ ልጆቻቸው ነርሰሪ፣ ኤልኬጂ፣ ዩኬጂ በሚባሉት የመዋዕለ ሕፃናት ክፍሎች ሦስት ዓመት ተቀምጠው የመጡ ናቸው። በመስከረም የሚጨርሱት ፊደል ከሁለት ዓመት በፊት የጀመሩትን ነው። ይህ ክለሳ ይባላል። ከዘገባው ጋር ያወጣችሁትም ፎቶ ቀይና ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ቀጭኔ የተሳለበት ክፍል ነው። የእኔ ክፍል ግድግዳ ጭቃ ነው፤ ቀጭኔ ብስልበትም በክረምት ፍሳሽ አንገቷን ይቆርጠዋል። እዚህ ያለን ከአንደኛ ክፍል በፊት የሚሰጠው ዜሮ ክፍል ነው፤ እሱም መምህር ሲገኝለት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ፊደል መጨረስ ምንድን ነው? ከ‹ሀ› እስከ ‹ፐ› በዜማ መውረድ ከሆነ እኔም በመስከረም ያስጨረስኩት ልጅ አለኝ። ታላቅ እህቱ ቤት ውስጥ አስጠንታው ነው የመጣው፤ አንድ ሳይስት ይወርደዋል። ቀን መርጬ ገበታው ላይ ዙሪያውን በወረቀት ሸፈንኩና ‹ቴ›ን ብቻ ለይቼ «ይቺ ማናት?» አልኩት። ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተከለና ከ‹ሀ ሁ› ጀመረ። ‹ሰ› ላይ ሲደርስ ትንፋሽ ወሰደ፣ ‹ቀ›ን አለፈ፣ ‹በ›ን አለፈ፣ «ተ ቱ ቲ ታ ቴ» አለና ፈገግ ብሎ አየኝ። ‹ቴ›ን ያገኛት በዜማው ነው፤ መልኳን አያውቃትም።

ይህን ችግር እኔ አላገኘሁትም። የኔታዎች ከስንት ትውልድ በፊት ያውቁታል፤ መድኃኒቱንም አበጅተውለታል። ሀ ሁን በቃሉ የያዘ ልጅ ፊደል ለየ አይባልም፤ አቡጊዳ ይሰጠዋል። ያው ፊደል ነው፤ ግን ተራው ተበትኗል፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ዜማው አይረዳውም፤ ዓይኑ የግድ ማየት አለበት። በስንደዶ እየተጠቆመ አንድ በአንድ ካልለየ ወደ ንባብ አይሻገርም። ድሮ አንድ የኔታ ጥቂት ልጆች ከዛፍ ሥር ሰብስበው ሲያስተምሩ እንኳ በመስከረም አስጨርሳለሁ ብለው አያውቁም።

በዚያ ላይ ፊደላችን ራሱ ልጅ ያታልላል። ከ‹ለ› ወደ ‹ሉ›፣ ከ‹በ› ወደ ‹ቡ› ስትሄድ ወገቡ ላይ በስተቀኝ ጭረት ታደርጋለህ። ልጁ ሕጉን ያዘ፣ ደስ አለው። ከዚያ ‹ሩ› ይመጣል፤ ጭረቱ ወገቡ ላይ የለም። ስድስተኛው፣ ሳድስማ ሕግ የለውም፦ ል፣ ም፣ ስ፣ ር፣ ት፣ እያንዳንዱ በየራሱ መንገድ ይጎብጣል። አንድ ቤት፣ ማለትም አንዱ ፊደል ከነሰባት መልኩ፣ ለእኔ አንድ ሳምንት የሚወስደው ለዚህ ነው። ኅዳር ማለቂያ ላይ ‹ተ› መድረሴ በትክክል በሳምንት አንድ ቤት ነው፤ ቁጠሩት። በዚህ አካሄድ ገበታው የሚያልቀው ሰኔ አፋፍ ላይ ነው፤ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ስንሻገርም የያዝነውን ፊደል ቃል እያደረግን ነው። ‹ለ›ና ‹መ›ን ይዘን ‹ላም› አንብበናል። ያች ላም የተነበበች ዕለት ክፍሉ እንዴት እንደጮኸ ብታዩ ኖሮ ‹ማጠናቀቅ› የሚል ቃል አትጽፉም ነበር።

በነገራችን ላይ ዘገባችሁ ውስጥ ‹ፀሐይ› የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ አለ፤ አንዱ በ‹ፀ›ና በ‹ሐ›፣ ሌላው በ‹ጸ›ና በ‹ሀ›። አንድ ገጽ ላይ ነው። ልጆቼ «ጋሼ፣ የትኛው ሀ?» ሲሉኝ እኔም አንዳንዴ ስለምደናገር አልፈርድባችሁም፤ ግን በመስከረም ፊደል ያላጠናቀቀው የእኔ ክፍል ብቻ እንዳልሆነ ደስ ብሎኛል።

ሌላው ቅር ያሰኘኝ ከዚህ የከበደ ነው። «ወደ አንደኛ ክፍል የሚመጡ ልጆች መዋዕለ ሕፃናት ወይም ቄስ ትምህርት ቤት ያለፉ ናቸው» ትላላችሁ። እዚህ ቃሉ ወረዳ ኑ። ከ74 ልጆቼ አብዛኞቹ ያለፉት በቁርአን ቤት ነው። ሉሕ የሚሉት የእንጨት ሰሌዳ ላይ ከጥላሸት በተበጠበጠ ቀለም ሲጽፉ፣ ሲያጥቡ፣ መልሰው ሲጽፉ የኖሩ ናቸው። ከእኔ በፊት ሸኻቸው አሊፍ፣ ባ፣ ታ ብለው አስተምረዋቸዋል። ፊደል ምን እንደሆነ፣ ድምፅ በምልክት እንደሚያዝ፣ ዝም ብሎ ማዳመጥን ያውቃሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው! እናንተ ግን በአንድ ‹ወይም› አጠፋችኋቸው።

አንዲት ልጅ አለችኝ፤ መጀመሪያ ሳምንት ‹ሀ›ን ጻፊ ስላት ከደብተሩ ቀኝ ጠርዝ ጀመረች። ሁለተኛውን ‹ሀ› በስተግራው፣ ሦስተኛውን ከዚያ በስተግራ። ፊደሉ ራሱ ቆንጆ ነው፤ ከክፍሉ ሁሉ የእሷ እጅ ይረጋል፣ ከቀኝ ወደ ግራ በሚጻፈው ዐረብኛ፣ ሉሕ ላይ የተገራ እጅ ነው። ደብተሩንም የምትከፍተው ከጀርባው ነው። ከጎኗ ያሉት ሳቁባት፤ እሷ ደግሞ እነሱን ነበር በግርምት የምታያቸው። የክፍል ጉብኝት የመጣ አንድ ባለሙያ ደብተሯን አየና «አቅጣጫ የመለየት ችግር» ብሎ ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ችግር! ሁለት አቅጣጫ የምታውቅ ልጅ አንድ አቅጣጫ በሚያውቅ ሰው ተመዘነች። በየወሩ ምን ይማራሉ ብላችሁ ስትጠይቁ ይህች ልጅ በጥቅምት የተማረችው እጇን ወደ ቀኝ ማስኬድ ነው። ከቤት ይዛ የመጣችውን ሳላስጥላት ይህን ለማስለመድ አንድ ወር ፈጀብኝ፤ ይህንንም በሠንጠረዡ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት።

ጥቅምት ካልኩ ዘንዳ። «ጥቅምት፦ ስለ አካባቢያቸው እንስሳት ይማራሉ» ብላችኋል። በደንብ እንጂ። በጥቅምት ማሽላው ፍሬ ይይዛል፣ ወፍ ይወርዳል፣ ልጆቼ ማማ ላይ ይወጣሉ። ወፍ የሚበረታው ጠዋትና ወደ ማታ ነው፤ እኔ ስም የምጠራው ደግሞ ጠዋት። ከ74 ስም 40 «አቤት» ካለኝ ጥሩ ቀን ነው። ከትምህርት ቤቱ ግቢ ሆኜ የወንጭፉን ጩኸት እሰማዋለሁ፤ የትኛው የማን እንደሆነ ሁሉ ለይቼ አውቃለሁ። አባቶቹን አልቆጣም፤ ያ ማሽላ የዓመት እንጀራ ነው፤ ግሪሳ ያረፈበት ማሳ ባዶ አገዳ ነው የሚቀረው። እነዚህ ልጆች የትኛው ወፍ በመንጋ፣ የትኛው በተናጠል እንደሚመጣ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። የአካባቢ ሳይንስ ፈተና ማማ ላይ ቢሰጥ ኖሮ አንደኛ በወጡ። ግን ማማ ላይ ‹ሸ› የለም። ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ አጨዳና ውቂያ ነው። ስለዚህ በየወሩ ስትሉ የማን ወር እንደሆነ ንገሩን።

ስለ ሒሳቡ ረድፍ ብዙ አልልም፤ ልጆቹ ገበያ ላይ የዕንቁላል ዋጋ ደምረው መልስ የሚሰጡ ናቸው። ስለ እንግሊዝኛው ረድፍ ዝም ማለት ይሻለኛል።

«አንድ ቃል ነው፣ ለምን እንዲህ አካበድከው?» ትሉኝ ይሆናል። እኔ አንደኛ ክፍል ሳስተምር 19 ዓመቴ ነው። በዚህ አገር አንደኛ ክፍል የሚመደበው ወይ አዲስ የመጣ ነው፣ ወይ የተቀጣ ነው፣ ወይ እንደ እኔ እምቢ ያለ ነው። ጓደኞቼ «አንተ አሁንም ሀ ሁ ነህ?» ይሉኛል። ጠመኔ ሲያልቅ ከኪሴ እገዛለሁ፤ ይህን ለወቀሳ አላነሳውም፤ ደረሰኝም የለኝም። በ2002 ዓ.ም. በአገሪቱ በተደረገው የንባብ ፍተሻ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። አስቡት፤ የእነዚያ ልጆች መምህራን ዕቅድ ላይም ‹ተጠናቋል› የሚል ሳይጻፍ አልቀረም። እስከ ሦስተኛ ክፍል ማንም አይወድቅም ስለተባለ ልጁ ‹ቴ›ን ሳያውቃት ዜማውን ይዞ ወደ ላይ ይሄዳል፤ አራተኛ ክፍል ሲደርስ መጽሐፉን እያየ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ‹ማጠናቀቅ› የሚለው ቃል ለእኔ ይህ ነው። ኃላፊው ሠንጠረዣችሁን ካሳዩ ወዲህ ሁለት ባልደረቦቼ ዕቅዳቸውን አስተካክለዋል። አንዱ በሁለት ሳምንት ከ‹ተ› ወደ ‹ወ› ዘልሏል፤ ልጆቹን ትቶ ነው የዘለለው።

የምጠይቃችሁ እርማት ነው። ‹ማጠናቀቅ› የሚለው ‹መጀመር› ይባል፣ መዋዕለ ሕፃናትና ቄስ ትምህርት ቤት ያላችሁበት ቦታ ቁርአን ቤት ይጨመር፣ ምንም ሳያልፍ በቀጥታ ከከብት ጥበቃ የሚመጣም ልጅ እንዳለ ይጻፍ። ሰው ልካችሁ ማየት ከፈለጋችሁ መምጣት ይቻላል፤ ከሐርቡ ከተማ ተነስቶ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ይመረጣል፣ ያኔ የማማው ልጆች ጥቂቶቹ ይገባሉ። እርማቱን ግን እባካችሁ እንደ ልማዳችሁ ውስጥ ገጽ፣ ከማስታወቂያ ሥር አታድርጉት። እኚያ ኃላፊ የሚያሳትሙት የፊት ገጹን ብቻ ነው።

የአንደኛ ክፍል መምህር
ቃሉ ወረዳ፣ ደቡብ ወሎ