ሞተሩን ወደ ቃሊቲ አታምጪው

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ በርበሬው ተፈጭቷል፣ በሰው እልካለሁ ብላለች።

መልእክትሽ ደርሶኛል። «ደህና ሲሄድ ቆይቶ ይሰልላል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ትንሽ ቆይቶ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል» ያልሽው በሽታ በጀልባ ሞተር ላይ የተለመደ ነው፤ ይገኛል። ሞተሩን ፈትታችሁ ከዝዋይ በአይሱዙ ጭናችሁ እዚህ ጋራዥ ልታመጡት ማሰባችሁን ግን አልወደድኩትም።

እዚህ ሐይቅ የለም። ጋራዥ የሚያደርገው ሞተሩን ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ አቁሞ ማስነሳት ነው። በርሜል ውስጥ ሸክም የለበትም፣ ሸክም የሌለው ሞተር ደግሞ ጥቂት ቤንዚን ይበቃዋል፤ ግማሹ የተደፈነ ቱቦም ያችን ታህል አያጣም። ጸጥ ብሎ ይሠራል፣ «ምንም የለውም» ተብሎ ይመለስልሻል።

ከዚህ የባሰው ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀው የካርቡሬተሩ ነገር ነው። ዝዋይ ሐይቅ 1,640 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ቃሊቲ ከ2,000 በላይ። እዚህ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ቤንዚን የበዛበት ይመስላል፤ መካኒኩም ይቀንስለታል። ሐይቁ ላይ ስትመልሺው ቤንዚኑ ያንሰዋል። የእናንተ ሞተር ባለ ሁለት ምት ነው፣ ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ነው። አንዱ ሲያንስ ሌላውም ያንሳል፤ የሚቆራረጥ ሞተር ሰጥተሽ ፒስተኑ የተቃጠለ ትቀበያለሽ።

ከፍታን ካነሳን፣ 40 ፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈበት ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ዝዋይ ላይ 33 ወይም 34 ቢሰጥሽ አትዘኚ። ያ ግን ሁልጊዜ ያለ ድካም ነው፤ የሚመጣና የሚሄድ ድካም ከአየሩ አይደለም።

መጀመሪያ አደካከሙን ለይ። እንደ መብራት ድርግም ካለ እሳት ነው የጠፋው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ። እያሳለ፣ እየሰለለ ከወረደ ቤንዚን ነው። ሞተሩ ይባስ ብሎ እየጮኸ ጀልባዋ ከዘገየች ደግሞ ሁለቱም አይደለም፣ ፕሮፔለሩ ነው። አንቺ የጻፍሽልኝ «ይሰልላል» ስለሚል ከቤንዚኑ ጀምሪ።

ጠዋት፣ ነፋሱ ሳይነሳ ውጪ። ተሳፋሪ አትጫኝ፤ መሪውን የሚይዝልሽ አንድ ሰው፣ መቅዘፊያና የሕይወት ጃኬት ይበቃል። ጉማሬ ከሚውልበት ዳርቻ ራቂ፣ ሞተሩ እዚያ ቢጠፋ ምርመራው ይቀራል። ሙሉ ነዳጅ ሰጥታችሁ ሂዱና ሰዓት ያዢ። ልክ መሰለል ሲጀምር፣ ሳይጠፋ፣ ከታንኩ ወደ ሞተሩ በሚሄደው የቤንዚን ቱቦ መሃል ያለችውን የላስቲክ ኳስ በእጅሽ ያዢ። አብዛኛውን መልስ የምትሰጥሽ እሷ ናት።

ኳሷ ጠፍጣፋ ሆና ተጣብቃ ካገኘሻት፣ ከኳሷ ወደ ታንኩ ባለው በኩል መንገዱ ተዘግቷል። የሞተሩ የቤንዚን ፓምፕ ይስባል፣ የሚመጣ የለም። ወዲያው የታንኩን ክዳን ላላ አድርጊው። «ሽሽ» ብሎ አየር ከገባና ሞተሩ ከተነሳ፣ ጥፋቱ ክዳኑ ላይ ያለችው የአየር መግቢያ ብሎን ናት፤ ወይ ዘግታችሁ ረስታችኋታል ወይ ጭቃ ደፍኗታል። ከክዳኑ ካልሆነ በታንኩ ውስጥ የሚወርደውን መሳቢያ ዘንግ አውጪና ጫፉ ላይ ያለችውን ወንፊት እጠቢ።

ኳሷ ለስላሳ ሆና፣ ጨመቅ ጨመቅ ስታደርጊያት ሞተሩ ከተነሳ፣ ወይ አየር እየገባ ነው ወይ ፓምፑ ደክሟል። ይህን ለመለየት 30 ሳንቲሜትር ግልጽ የላስቲክ ቱቦ ከሞተሩ ፓምፕ በፊት አስገቢና በፋሼታ እሰሪው። አንድ ሁለት አረፋ አልፎ አልፎ ቢያልፍ አያስጨንቅም። እንደ አምቦ ውሃ ተከታትሎ ከመጣ ግን አየር እየሳበ ነው። ቤንዚን የማያፈስ ቀዳዳ አየር ሊስብ ስለሚችል፣ ቱቦው ደረቅ ነው ብለሽ አትለፊው። መጀመሪያ የምትጠረጥሪው ቱቦው ሞተሩ ላይ የሚሰካበት መጋጠሚያ ውስጥ ያለችውን ኦሪንግ፣ የላስቲክ ቀለበቷን ነው። ታንኩ ግማሽ ሲደርስ ሁልጊዜ የሚጀምር ከሆነ ደግሞ መሳቢያ ዘንጉ ወገቡ ላይ ተሰንጥቋል፤ ቤንዚኑ ከስንጥቁ በታች ሲወርድ አየር ይጠጣል። ሰዓትና የታንኩን መጠን ጻፊ የምልሽ ለዚህ ነው።

አረፋ ከሌለ ፓምፑን ፍቺ። ውስጡ ያለው ዲያፍራም፣ ቤንዚኑን የሚገፋው ሽፋን፣ ስስ ነው፣ ወደ ፀሐይ ገልጠሽ ስታይው የመርፌ ጫፍ የምታህል ብርሃን ካሳለፈ ይቀየራል።

ኳሷ ጠንካራ ሆና ሞተሩ ከደከመ፣ ቤንዚኑ ከኳሷ አልፎ ሞተሩ ዘንድ ደርሷል። ከዚያ ወዲያ ያለው ፊልትሮው፣ ካርቡሬተሩ ወይም እሳቱ ነው።

ሰው የማያየው አንድ ጥፋት አለ፦ ቱቦው ራሱ። ውጪው ያማረ፣ ውስጡ የተላጠ። የውስጡ ላስቲክ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳና ሙሉ ነዳጅ ሲሳብ መንገዱን ይከድናል፣ ሲቀነስ ይመለሳል። እየመጣ የሚሄድ በሽታ ማለት ይሄ ነው! በዓይን ስለማይለይ፣ ሌላ ቱቦና ሌላ ታንክ ከጎረቤት ጀልባ ተዋሺና ያንኑ መንገድ ሂዱበት። ከተፈወሰ የእናንተን ቱቦ በምላጭ በቁመቱ ሰንጥቀሽ እይው።

ቤንዚኑንም ፈትኚ። ከታንኩ ሥር በብርጭቆ ማሰሮ ቅጂና 10 ደቂቃ አስቀምጪ፤ ውሃ ካለው ከሥር ተለይቶ ይቀመጣል። በጀሪካን የተገዛ ከሆነ ይህን ሳታደርጊ ሌላ ነገር አትፍቺ። ዘይቱ ለ20 ሊትር 400 ሚሊ ሊትር ነው፣ ለጀልባ ሞተር የተሠራው። የመኪና ዘይት አይሆንም።

ድርግም የሚል ከሆነ እንዲህ አድርጊ። ልክ ሲጠፋ፣ ሳይቀዘቅዝ፣ ሁለቱንም ካንዴላ ፍቺ። አንዱ ርጥብና ጥቁር፣ ሌላው ቡና መልክ ከሆነ ርጥቡ ሲሊንደር አልተቃጠለም። ለካንዴላ እሳት የሚሰጡትን ሁለቱን ቦቢናዎች ቦታ አለዋውጪ፤ ጥፋቱ ወደ ሌላው ሲሊንደር ከዞረ ቦቢናው ነው። ሲግል የሚሞትና ሲቀዘቅዝ የሚነሳ ቦቢና ወይም ሲዲአይ (እሳቱን የሚያዝዘው የኤሌክትሮኒክ ሳጥን) ብዙ ነው፣ ለዚህ ነው በርሜል ውስጥ የማይታወቀው። ካንዴላውን በእጅሽ ይዘሽ አትሞክሪ፣ ሽቦውንም ከማሳ፣ ከሞተሩ ብረት፣ ሳታገናኚ ክፍት ትተሽ የማስነሻ ገመዱን አትሳቢ፤ የመጀመሪያው አንቺን፣ ሁለተኛው ሲዲአዩን ይመታል። ሁለቱም አብረው ከጠፉ የማጥፊያ ቁልፉን ጠርጥሪ። ውስጡ ውሃ ገብቶ በየመሃሉ ማሳ ይሠራል። ሽቦውን ከሲዲአዩ ላይ ነቅለሽ መሞከር ይቻላል፣ ግን ከዚያ በኋላ ቁልፉም ቀዩ የአደጋ ማጥፊያ ገመድም ሞተሩን አያጠፉትም። በቾክ፣ በአየር መዝጊያው፣ ታንቂዋለሽ። ይህን ከዳር ሳትርቁ ብቻ። የሞተሩን ክዳን ከፍተሽ ስትሠሪ ነጠላም ሻሽም አይኑርሽ፣ በላይ የሚሽከረከረው ክብ ብረት ልብስ ይስባል።

ስለ ፕሮፔለሩ፦ መሃሉ ላይ ላስቲክ አለ፣ ያ ሲላቀቅ ጉልበቱ ይንሸራተታል። ከመሃለኛው ብረት ወደ ክንፎቹ የሚያልፍ አንድ መስመር በጥፍር ቀለም አስምሪና ሂዱ። ስትመለሱ መስመሩ ለሁለት ከተከፈለ ተገኘ። ከኋላ በኩል የምትወጣውን ቀጭን የማቀዝቀዣ ውሃም አትርሺ፤ የዝዋይ ውሃ ጭቃ አለው፣ የውሃ ፓምፑን ላስቲክ ቶሎ ይበላል፤ እምቦጭና ፌስታልም መሳቢያውን ይከድኑታል። ውሃዋ ከሳሳች አጥፊው።

ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አትቀይሪ፤ ሲድን የትኛው እንዳዳነው አታውቂም፣ ሲመለስ እንደገና ትጀምሪያለሽ።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ፦ ሲደክም ኳሷ ጠፍጣፋ ነበረች፣ ለስላሳ ወይስ ጠንካራ? ከሞተሩ ላይ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር ጨምሪበት። ዲያፍራሙን ወይም ኦሪንጉን ከመርካቶ ገዝቼ በበርበሬው ላይ አስቀምጬ እልከዋለሁ።

አባትሽ፣ ከቃሊቲ