ከለንደን፣ ስለ አንዲት ተማሪዬ

የኔ ውድ እንዴት ነሽልኝ? ልጆቹስ አደጉ? እማማስ ጤናቸው እንዴት ነው? በጣም ተጠፋፋን እኮ! እኔ እዚሁ ለንደን ነኝ፣ አሁን ኤ ሌቭል ነው ማስተምረው፣ የኛን 11ኛና 12ኛ በይው፣ ሳይኮሎጂም ሶሲዮሎጂም ለኔው ሰጥተውኛል። ዛሬ የጻፍኩልሽ አንድ ነገር ሆዴን ስለበላው ነው፣ ካንቺ በቀር ደግሞ ማን ይገባዋል።

ቦልቢን እያስተማርኩ ነበር፣ ያ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከእናቱ ከተለየ ጉዳቱ እስከ እድሜ ልክ ሊከተለው ይችላል የሚለውን እንግሊዛዊ ሐኪም። በፈረንጆቹ 1944 ያወጣውን የ44ቱን ሌቦች ጥናት፣ የሚሰርቁ ልጆች በልጅነታቸው ከእናታቸው ተለይተው እንደሆነ ያየበትን፣ እንደጨረስን አንዷ የኛ ልጅ፣ እናቷ ቤሩት ስትሠራ አዲስ አበባ አያቷ ያሳደጓት፣ ሁሉም እስኪወጣ ጠብቃ "ሚስ፣ እኔ ተበላሽቻለሁ ማለት ነው?" አለችኝ።

የፈተናውን መልስ እኮ ታውቀዋለች፣ 16 ነጥብ ያለው ጥያቄ ላይ ብዙ ጊዜ 10ሩ ነጥብ ለትችት ነው፣ ትችቱን ጥርግ አድርጋ ሸምድዳዋለች፣ ለራሷ የሚሆን መልስ ነው ያጣችው። ቁጭ ብለን አወራን። ቦልቢ ያያቸው ልጆች ችግር ኖሮባቸው ክሊኒክ የመጡ መሆናቸውን፣ ማን ፍቅር አልባ፣ ማለትም ለሰው ፍቅርም ጸጸትም የማይሰማው፣ እንደሆነ የፈረደውም ራሱ መሆኑን፣ ደግሞ ሻፈርና ኤመርሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1964 ግላስጎ 60 ሕፃናት ተከታትለው አብዛኞቹ ከእናት ሌላ አባትም አያትም ላይ ሙጭጭ እንደሚሉ ማግኘታቸውን ነገርኳት። ትንሽ ቀለል አላት።

ግን ይሄ የጥያቄዋን ግማሽ ነው የመለሰው። የቦልቢ ጥናት ልጁን ያያል እንጂ እናትየው ለምን ሄደች አይልም። በዚያው ሳምንት ለሶሲዮሎጂዎቹ ምን እያስተማርኩ መሰለሽ፣ አሜሪካዊቷ ሶሲዮሎጂስት ሆክሺልድ የእንክብካቤ ሰንሰለት የምትለውን፣ ሀብታም አገር ያለችው ሴት ሥራ ስትወጣ ልጇን ከድሃ አገር የመጣች ሴት ትይዝላታለች፣ የዚችን ልጅ ደግሞ አገር ቤት አያት ወይ ታላቅ እህት ያለ ክፍያ ታሳድጋለች። ሊባኖስ ላይ ደሞ ካፋላ የሚሉት የአሠሪ ዋስትና ሥርዓት አለ፣ የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋ ስለታሰረ ልጄን አይቼ ልምጣ ማለት ቀላል አይደለም። ልጅቷ ግን ይሄን አልሰማችም፣ እዚህ ብዙዎቹ ሦስት ትምህርት ብቻ ነው ሚመርጡት፣ እሷ ሶሲዮሎጂ አልወሰደችም። ያንዱን ብቻ የተማረ ልጅ እናቱን ጥፋተኛ አድርጎ ሊወጣ ይችላል፣ ይሄ በጣም ያስጨንቀኛል። ስለዚህ የሶሲዮሎጂውን ኖት ሰጠኋት፣ አሁን ደግሞ ሁለቱን ክፍሎች ለአንድ ቀን አንድ ላይ ላስቀምጣቸው አስፈቅጃለሁ።

ለዛ ቀን አንቺን ፈልጌ ነው። ለፍሬሽማኖችሽ ጄኔራል ሳይኮሎጂ ስታስተምሪ እናታቸው አረብ አገር ያለች ልጆች አያጡሽም፣ ፈቃደኛ የሆኑትን ማን አሳደጋችሁ፣ እሷ ስትደውል ምን ታወሩ ነበር ብለሽ ጠይቂልኝ፣ ስም ሳይጠቀስ፣ ለተማሪዎቼ ላነብላቸው። ቴሌግራሜ የድሮው ነው፣ ቮይስም ብትልኪ እኔው እጽፈዋለሁ።