የአይሲቲ ክበብ፦ አልታቪስታ በጫማ ካርቶን

ዘንድሮ ክበባችን አዲስ ነገር አልሠራም፤ የሞተ ነገር ሲያጠና ነው የከረመው። ጥቅምት ላይ «ከጉግል በፊት ሰው መረጃ በምን ይፈልግ ነበር?» ብዬ ስጠይቅ አንዱ «በላይብረሪ» አለኝ። ሥራችን ከዚያ ተነሣ።

የድሮውን የኢንተርኔት መፈለጊያ አልታቪስታን መረጥን። እኔ በደቂቃ እየከፈልኩ ኢንተርኔት ካፌ ስገባ የማውቀው እሱን ነበር። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1995 ለሕዝብ የከፈተው ዲጂታል ኢኩፕመንት የተባለው የአሜሪካ ኮምፒውተር አምራች ነው። ሉዊ ሞኒዬ ድረ ገጾችን እየዞረ የሚለቅመውን ፕሮግራም፣ ማይክ ባሮውስ ደግሞ የቃላት ማውጫውን ሠሩ። ሲጀምር 16 ሚሊዮን ያህል ገጾችን ቃል በቃል መዝግቦ ነበር።

እኛም ማውጫውን በካርድ ሞከርነው። የድሮ የግድግዳ መጽሔት ጽሑፎችን ቁጥር ሰጠናቸው። ለየቃሉ አንድ ካርድ አዘጋጅተን፣ ቃሉ የሚገኝባቸውን ጽሑፎች ቁጥር ጻፍንበት። «ነው» የሚለው ካርድ በሁለት ቀን ሞላ። አማርኛ ደግሞ ፋታ አልሰጠንም። «ቤት»፣ «ቤቱ»፣ «ከቤታችን» አንድ ካርድ ናቸው ወይስ ሦስት? ክርክሩ እስከ ገና ዘለቀ። እኔ አንድ ነው ባይ ነበርኩ፤ በድምፅ ብልጫ ተሸነፍኩ።

ከዚያ አንድ የ9ኛ ክፍል ጮሌ ጽሑፉ ግርጌ ላይ «ፈተና» የሚለውን ቃል 40 ጊዜ ደርድሮ መጣ። ቃሉ የበዛበትን ጽሑፍ እናስቀድም ስለነበር አንደኛ ወጣ። ተናድጄ ነበር። ግን አልታቪስታን ያስቸገረውን ነገር ከእኔ ገለጻ በላይ ያሳየን እሱ ነው። ቃል እየደጋገሙ ወደ ላይ የሚወጡ ድረ ገጾች ፍለጋውን አበላሹት። በ1998 የተመሠረተው ጉግል ግን ሌሎች ገጾች ወደ አንድ ገጽ የሚሰጡትን ሊንክ እንደ ምስክር ቆጠረ። እኛም «ይህን ጽሑፍ ማን ጠቀሰው?» የሚል መስመር ስንጨምር የጮሌው ጽሑፍ ከታች ተገኘ።

የቀረው ጥፋት የባለቤቶቹ ይመስለኛል። በ1998 ኮምፓክ የተባለው ሌላ ኮምፒውተር አምራች ዲጂታልን ሲገዛ አልታቪስታም አብሮ ሄደ። በ1999 አብዛኛው ድርሻ ሲኤምጂአይ ወደተባለ የኢንተርኔት ኩባንያ ዞረ። በዚህ መሀል፣ ባዶ የነበረውን የፊት ገጽ በዜና፣ በገበያና በኢሜይል አጨናነቁት። ለመፈለግ የመጣ ሰው ሱቅ ገባ ማለት ነው! በ2003 ኦቨርቸር የተባለ የፍለጋ ማስታወቂያ ኩባንያ በ140 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ በዚያው ዓመት ኦቨርቸርን ራሱን ያሁ ወሰደው። ጁላይ 8 ቀን 2013 ተዘጋ።

መብራት በጠፋባቸው ቀናት ሥራ ያልፈታ ክበብ እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ካርዶቹ በሁለት የጫማ ካርቶን ላይብረሪ ተቀምጠዋል። «ቤት»ን የምትፈልጉ ሦስቱንም ካርዶች አውጡ።