የታሪክና ቅርስ ክበብ ዓመታዊ ዘገባ

ክበባችን ዓመቱን ሙሉ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከአማርኛ ትምህርት በኋላ ተሰብስቧል፤ የስብሰባዎቹን ዝርዝር ከቃለ ጉባኤው ማየት ስለሚቻል አልደግመውም። “የአገራችንን ታሪክ መማር ሲገባቸው ልጆቹ ቤዝቦል ሙዚየም ለምን ሄዱ?” ብለው ለጠየቁ ወላጆች ግን መልስ መስጠት ግዴታዬ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1959 የተከፈተውና በ1988 ቶኪዮ ዶም ወደሚባለው የቤዝቦል ስታዲየም የተዛወረው ይህ ሙዚየም፣ ልጆቻችን ያደጉበት አገር ጃፓን ከውጭ የመጣን ጨዋታ እንዴት የራሱ እንዳደረገ ያሳያል። ጨዋታውን በ1872 ለቶኪዮ ተማሪዎች ያስተማረው ሆራስ ዊልሰን አሜሪካዊ መምህር ነበር። የቤዝቦልን ቃላት ወደ ጃፓንኛ ከመለሱት አንዱ ደግሞ ገጣሚው ማሳኦካ ሺኪ ሲሆን፣ በ2002 በሙዚየሙ የክብር መዝገብ ሰፍሯል። ተማሪዎቻችንም ይህን አይተው “ወርዋሪ”፣ “መቺ”፣ “ቀላቢ” እያሉ የአማርኛ ቃላት ማውጣት ጀምረዋል።

እኔ ካንጂ የሚባለውን የጃፓንኛ ጽሕፈት ስለማላነብ አስጎብኚዎቼ ተማሪዎቹ ነበሩ። በክፍል ውስጥ አማርኛ ለመናገር የምታፍር አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ በጃፓናዊው ወርዋሪ በኤይጂ ሳዋሙራ የነሐስ ምስል ፊት ቆመች። ወጣቱ በ1934፣ ገና በ17 ዓመቱ፣ ቤብ ሩትንና ሉ ጌሪግን ጨምሮ አራት የአሜሪካ ታላላቅ መቺዎችን በተከታታይ ኳስ አስቶ እንዳስወጣ፣ ቡድኑ ግን 1 ለ 0 እንደተሸነፈ፣ ቃል ሲጠፋት እየቆመች፣ እስከ መጨረሻው በአማርኛ ነገረችኝ። ከዶሙ ውጭ በጦርነት የሞቱ ተጫዋቾች ስም ከተቀረጸበት ሐውልት ላይም የእሱን ስም ፈልጋ አገኘችው። በ1944 የተሳፈረበት መርከብ ሰምጦ መሞቱን ከነገረችን በኋላ ዝም ብላ ቆየችና፣ “ቲቸር፣ ‘ነፍስ ይማር’ ነው የሚባለው?” አለችኝ። አዎን አልኳት፤ ሁላችንም አብረናት አልን። በአሥር ሳምንት ትምህርት ያላገኘሁትን በዚያች ቅጽበት አገኘሁት።

በዓመቱ አጋማሽ ሁለት አባላት ለቅቀውብናል፤ ያቀድነው ሁለተኛ ጉብኝትም በገንዘብ እጥረት ቀርቷል። የመጀመሪያውን ጉዞ የባቡርና የመግቢያ ወጪ የሸፈንነው መምህራን ከኪሳችን ነው። ለዓመቱ መዝጊያ ግብዣ በጀት የሚገኝ ከሆነ ለልጆች የባቡር ትኬትም ሊታጣ አይገባም። የተማሪዋ የአንድ ገጽ ጽሑፍ በክፍላችን ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ የወላጆች ኮሚቴ በጀቱን ከመወሰኑ በፊት መጥቶ እንዲያነበው በአክብሮት እጠይቃለሁ።