ለብላተን፣ ለመላው የሎትሸንታል ሸለቆ ሰዎችና ከጎናቸው ለቆማችሁ ሁሉ

በስዊዘርላንድ፣ የሸለቆው የሎንዛ ወንዝ ከሮን ወንዝ ጋር በሚገናኝበት በጋምፐልና በሽቴግ የምንኖር አማርኛ ተናጋሪዎች፣ እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 ከደረሰው ናዳ በፊትም ሆነ በኋላ ለለፋችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን እንላለን። በአደጋው ሕይወቱ ላለፈው አንድ ሰው ቤተሰብ መጽናናትን እንመኛለን።

ምስጋናችን ተራራውን ሲከታተሉ ከነበሩት ይጀምራል። ብላተን 1,540 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች፣ 300 ያህል ነዋሪ የነበራት መንደር ናት። ከበላይዋ የክላይነስ ነስትሆርን ጫፍ፣ ከጫፉ ሥር ደግሞ የቢርሽ የበረዶ ግግር ነበር። ግግሩ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ክትትል አልተለየውም። ከጫፉ የተሰነጠቀው ዐለት እየተናደ ሲከመርበት ሸክሙ ወደ ታች ገፋው፤ የቀለጠው ውኃም ሥሩን አሙለጨለጨው። በመጨረሻ በቀን እስከ 10 ሜትር ይንሸራተት ነበር። ፍጥነቱ በየቀኑ ከጨመረ ነገሩ እንደማይመለስ ባለሙያ ያውቃል፤ ከባዱ ግን ገና ምንም ሳይወድቅ መንደሩን ሁሉ «ውጡ» ማለት ነው። ይህ በሜይ 19 ተደረገ፤ ከብቱም ወጣ። በ28ኛው ቀን፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ላይ፣ 9 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ዐለትና በረዶ ወርዶ የመንደሩን 90 በመቶ ያህል ቀበረ። የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያዎች በመጠን 3.1 አስፍረውታል። ስለ ነዋሪዎቹ «ዕድለኞች ናቸው» ሲባል ስንሰማ ይከነክነናል፤ ያተረፋቸው ዕድል ሳይሆን ይህ ክትትልና ውሳኔ ነውና።

ቀጥሎ የመጣው ሥጋት የእኛው የታችኞቹ ነበር። ክምሩ ሎንዛን ዘግቶ ሐይቅ አበጀ፤ ከናዳው የተረፉትን ቤቶችም ውኃ ዋጣቸው። ያ ውኃ በአንዴ ቢሰብር ኖሮ ጭቃና ድንጋይ ይዞ በጠባቡ ገደል ወደ እኛ ይወርድ ነበር። ለዚህ ሲባል የፈርደን የኃይል ማመንጫ ግድብ ቀድሞ ባዶ ተደረገ፤ የሚመጣውን እንዲቀበል። የሠራዊቱ ከባድ መኪኖች ቀርበው ቆመው ነበር፤ ውስጡ በረዶ ያለበት እርጥብ ክምር ግን አይረገጥም። ሳይቸኩሉ መጠበቃቸውን እንደ ትልቅ ሥራ እንቆጥረዋለን፤ ውኃው ራሱ ቀስ በቀስ መውጫውን ቆረጠ።

የሸለቆው ጎረቤት መንደሮች ቪለር፣ ኪፕልና ፈርደን፣ ቤታችሁን ስለከፈታችሁ እናመሰግናለን። ሸለቆው በሙሉ 1,500 ያህል ሰው ነው ያለው፤ 300 ተፈናቃይ ማስጠጋት ቀላል አይደለም። ቪለር በ1900 በእሳት ወድማ እንደገና የተሠራች ስለሆነች መንደር ማጣትን ታውቀዋለች።

ፀሐይ ያጠቆራቸው የላርች እንጨት ቤቶች፣ አይጥ እንዳይወጣባቸው በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ የቆሙ ጎተራዎች በገንዘብ አይተኩም። ቼገታ የሚባለው የካርኒቫል በዓል ጭንብል ግን የሸለቆው ሁሉ ሀብት ነው፦ ከጥድ እንጨት ተፈልፍሎ፣ የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተለብሶ፣ ወገብ ላይ የላም ቃጭል ታስሮ ከፌብሩዋሪ መጀመሪያ እስከ ጾም ዋዜማ ይወጣል። ጥበቡን ለልጆቻቸው የሚያወርሱ ጠራቢዎችንም እናመሰግናለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋምፐልና የሽቴግ አማርኛ ተናጋሪዎች